ትመጪ እንደሁ ብዬ

ለመሥሪያ ቤቴ «ሥልጠና አለብኝ» አልኩ። ለጎረቤቶቼም ያልኩት ይህንኑ ነው። ሥልጠና ሲባል ሁሉም ሰው ይገባዋል። ደብዳቤ አለው፣ አበል አለው፣ ሰርተፊኬት አለው። «ሦስት ቀን ከሴቶች ጋር ቁጭ ብዬ ልጽፍ ደብረ ማርቆስ እሄዳለሁ» ብል ግን የሚከተለውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ምን ልትጽፊ?» ይሉኛል። ለእሱ መልስ አልነበረኝም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምጽፈው ቁጥር ነው። ግጥም የምጽፈው ማታ ነው፤ ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

እውነቱን የነገርኳቸው ለባለቤቴና ለትልቋ ልጄ ብቻ ነው። ባለቤቴ «ሂጂ፣ እኛ እንደምንም እንሆናለን» አለኝ። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትንሽ አሰበችና «ሴቶች ብቻ ከሆናችሁ ልጆቻችሁን ማን ይይዝላችኋል?» ብላ ጠየቀችኝ። አባትሽ አልኳት።

«የሌሎቹንስ?»

ይህ ጥያቄዋ መንገዱን ሙሉ አብሮኝ ሄደ።

2010 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ የተነሳው ገና ሳይነጋ ነበር። እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ነው። እዚያ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ወሬ ይቆማል። ሁሉም በልቡ ይጸልያል፤ አንዳንዱም ድምፁን አውጥቶ። ስንወርድ ጋቢያችንን ገፈፍን፤ ሸለቆው በክረምትም ይሞቃል። ዓባይ ደፍርሶ ቀይ ሆኗል። ድልድዩን ተሻግረን ደጀን ስንወጣ እንደገና ጋቢ ለበስን። ለእኔ ጎጃም የሚጀምረው እዚያ ብርድ ላይ ነው።

አሁን በዚያ መንገድ እንደዚያ ዘና ብሎ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ያንን ጉዞ ሳስታውስ ቶሎ ላልፈው አልፈልግም። ደጀን ላይ ሻይ ጠጣን። ከሉማሜ ወዲህ ማሳው ሁሉ ታርሶ ጥቁር ነው። ጤፍ ሊዘሩ ነው። አንድ ገበሬ ከነልጆቹ ከብቶቹን እርሻው ላይ ወዲህ ወዲያ እየነዳ አፈሩን ያስረግጣል። ትንሿ ልጅ ከበሬዎቹ ኋላ እየሮጠች የሆነ ነገር ትዘፍናለች። መስኮቱ ዝግ ስለነበር አልሰማኋትም። አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁ።

ደብረ ማርቆስን አያቴ እስክትሞት ድረስ «መንቆረር» ነበር የምትላት፣ በጥንት ስሟ። እኔ የተወለድኩት ከዚያ አልፎ ደምበጫ አካባቢ ነው። ስለዚህ እንግዳ አልነበርኩም። ግን እንደ እንግዳ ፈርቼ ነበር።

ጉባኤውን ያሰናዱት ጥቂት ሴት መምህራን ናቸው። አንዷ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ የጠራችኝም እሷ ነች። ስፖንሰር የለም። አዳራሹን አንድ ወዳጃቸው በነፃ ሰጣቸው፤ ምግቡን እኛው አዋጣን። 23 ሆነን መጣን። ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ሁለታችን ከአዲስ አበባ። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «የሴቶች የጽሑፍ ጉባኤ» ይላል። «ጉባኤ» የሚለው ቃል ጎጃም ውስጥ የስብሰባ ስም ብቻ አይደለም። መምህር ተማሪዎቹን ሰብስቦ ሲያስተምር «ጉባኤ ዘረጋ» ይባላል። ያንን ወረቀት ሳይ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተነሳ።

አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ጎንሽ የተቀመጠችውን ሰው እንኳ አትሰሚም። የምታስተምረን መምህርት ሁለት ጊዜ ለመጮህ ሞከረችና ተወችው። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ዝናቡ እስኪያባራ እንጽፋለን» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ይህ ሕግ ሆነ። ዝናብ ሲመጣ ንግግር ይቆማል፤ ብዕር ይነሳል። ሦስት ቀን ሙሉ መርሐ ግብራችንን ያወጣልን ዝናቡ ነው። አንድ ጊዜ አርባ ደቂቃ ሳያቋርጥ ዘነበ። አርባ ደቂቃ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ ቁጭ ብዬ የጻፍኩበት ቀን ከዚያ በፊት ትዝ አይለኝም።

ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ ከተባባልን በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ነው የምትጽፊው?» የሚል ነበር። ስለ ምን አይደለም፤ መቼ። እንደ ቀላል ጥያቄ ነበር የጀመርነው። ከምሳ በኋላም አላለቀም።

ከሞጣ የመጣችው አስተማሪ ናት። ሰኔ ላይ ተማሪዎቿ ጥለውት የሚሄዱትን ደብተር ትሰበስባለች። ያልተጻፈባቸውን ገጾች ገንጥላ ትሰፋቸዋለች። የምትጽፈው ክረምት ክረምት ብቻ ነው፤ በበጋ የሰው ፈተና ታርማለች። ከቡሬ የመጣችው ልጅ 19 ዓመቷ ነው። ስልኳ ላይ ትጽፋለች፤ ከዚያ ታጠፋዋለች። ወንድሟ ስልኳን ስለሚያይ ነው። «ከማጥፋቴ በፊት ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ፤ በቃሌ ይያዝልኛል» አለች። እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው አልኩ። ሁለት ሦስት ሴቶች «እኔም» አሉ።

ከቢቸና የመጡት እናት ከሁላችን በዕድሜ ይበልጣሉ። የሚጽፉት እንጀራ ሲጋግሩ ነው። ሊጡን አዙረው አክንባሎውን ይከድናሉ። እስኪነሳ ድረስ ጥቂት ደቂቃ አለ። ያኔ ከምጣዱ ጎን ያስቀመጧትን ወረቀት ያነሳሉ። «ግጥሞቼ ሁሉ ሁለት መስመር የሆኑት ለዚያ ነው» አሉን። «ሦስተኛውን ልጨምር ስል እንጀራው ያርብኛል።» ይህን ሲናገሩ እንድንስቅላቸው አልፈለጉም። ማንም አልሳቀም። መምህሯ ወደ ሰሌዳው ሄዳ «ጉባኤ ቃና» ብላ ጻፈች። ከቅኔ ዓይነቶች ሁሉ አጭሩ እሱ ነው። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ መወድስ የሚባለው ቅኔ ስምንት ሲሆን። የቅኔ ተማሪ መንገዱን የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው። «እማማ ምጣድ ላይ ሆነው ያገኙትን ቅርጽ ሊቃውንቱ ስም አውጥተውለታል» አለች።

ከፍኖተ ሰላም የመጣችው የአምስት ወር ልጅ ታቅፋለች። ሕፃኑ በሦስቱ ቀን ውስጥ የሁላችንንም ጭን አዳረሰ። ሲያለቅስ ከረድፍ ወደ ረድፍ ይተላለፋል፤ እናቱ ትጽፋለች። የልጄ ጥያቄ እዚያ መልስ አገኘ። ማታ ደውዬ ነገርኳት። «ስሙ ማን ነው?» አለችኝ።

ሌላም ነገር ተነሳ። ወንድ «አፈቀርኩ» ብሎ ቢጽፍ ግጥም ነው። ሴት ስትጽፈው «ማን ነው እሱ?» ይባላል። የሞጣዋ አስተማሪ ስለ አንድ መሄጃ ያጣ ሰው ግጥም ጽፋ ባለቤቷ አግኝቶት ለሳምንት አኩርፏት ነበር። ሰውየው ፈጠራ መሆኑን ማስረዳት አልቻለችም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ስለ አገር፣ ስለ እናት፣ ስለ ሰላም እንጽፋለን። እነዚያ አያስጠይቁም። የእኔ ማስታወሻ ደብተርም እንደዚያ ዓይነት ግጥም ሞልቶበታል። ደህና ግጥሞች ናቸው። ግን አንዱንም እኔ እንደጻፍኩት ከውስጡ ማወቅ አይቻልም።

በመጀመሪያው ቀን መጨረሻ መምህሯ «ከጎጃም የወጡ ደራሲዎችን ጥሩልኝ» አለች። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ አቤ ጉበኛ አልን። ሰሌዳው ላይ ጻፈቻቸው። «ምን ያመሳስላቸዋል?»

የቡሬዋ ልጅ ወዲያው «ወንዶች ናቸው» አለች።

«ልክ ነሽ። ግን ከእሱ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ።»

ሦስቱም በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ፣ ቅኔ የተማሩ ናቸው። ጎጃም ውስጥ ወደ ጽሑፍ የሚያስገባው በር ያ ነበር። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ የታወቁ የቅኔ ቤቶች ናቸው። ልጁ በልጅነቱ ከቤት ይወጣል። ለምድ ይለብሳል፤ አኩፋዳ ያንጠለጥላል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ውሻ ያባርረዋል፤ ጎጆ ቀልሶ ያድራል። ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እያለ ዓመታት ያልፋሉ። ሴት ልጅ ይህን መንገድ እንዴት ትሂደው? አኩፋዳ ይዛ አገር ለአገር ብትዞር ማን ይተዋታል? የጎደለው ጭንቅላት አይደለም። የጎደለው መንገዱ ነው።

ከዚያ ስለ እመሆይ ገላነሽ ሐዲስ ነገረችን። ስማቸውን ጎጃም ውስጥ ያደገ ሁሉ ሰምቶታል። ዓይነ ስውር ነበሩ። ጽላሎ በምትባል ቦታ ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን ቅኔ ያስተማሩ ሴት ናቸው። እኔ ይህን ታሪክ ልጅ ሆኜ ስሰማው እንደ ተአምር ነበር የሚነገረኝ። መምህሯ ግን እንደ ተአምር አልነገረችንም። «አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። ልጃቸውን እቤታቸው አስተማሯት። መንገዱ እሷ ዘንድ መጣላት። በቃ ይኸው ነው» አለች። ቅኔ ደግሞ በቃል የሚቆጠር ነው። ተማሪው ሜዳ ወጥቶ፣ ብቻውን ሆኖ ቆጥሮ ይመጣል፤ መምህሩ ፊት በቃሉ ያወርደዋል፤ ይታረማል። ዓይን የግድ አይደለም። ጆሮና ልብ ነው የሚፈልገው። ያን ማታ መኝታዬ ላይ ሆኜ ስንቷ ልጅ አባቷ ሳያስተምራት ቀረች እያልኩ አሰብኩ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ስለ ሕትመት የተነገረውን አላስረዝመውም። ወረቀት ውድ ነው፤ አብዛኛው ደራሲ የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለተኛው ቀን ላይ ስለ አማርኛ ግጥም ምት ተማርን። ቀለም የሚባለው ስንናገር የሚቆጠረው የቃል ክፍል ነው። የወል ቤት የሚባለው ምት፣ ስድስት ቀለም በስድስት። ሰንጎ መገን፣ አምስት በአምስት። ቡሄ በሉ፣ አራት በአራት። ጣቴን እያጠፍኩ ስቆጥር ደስታዬ ወሰን አጣ። ቁጥር እኮ ሥራዬ ነው። ለካ ግጥምም ይቆጠራል። ከሰዓት በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ቆጠርኩ፤ የድሮ ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌ፣ የራሴን ግጥሞች። አንድ ቀለም የበዛበትን አወጣሁ፤ የጎደለበትን ሞላሁ። ደብተሬ ያማረበት መሰለኝ።

ማታ ላይ ሦስት እናቶች መጡልን። ከከተማው ወጣ ካለ ገጠር ናቸው። በለቅሶ ቤት፣ በሰርግ ቤት በቃላቸው የሚታወቁ ናቸው። ዣንጥላቸውን በሩ ላይ አቆሙ፤ ጭቃ የያዘ ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁ። ሦስታችን አራታችን ሆነን ከአንዳንዳቸው ጋር ተቀመጥን። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሻማ አበራን። ቡና ተፈላ። የሰርግ ዘፈን ሰማን፤ ሳቅንም። በኋላ እኔ ያለሁበት ቡድን ውስጥ የነበሩት እናት ሳንጠይቃቸው ስለ ልጃቸው ማውራት ጀመሩ።

ልጃቸው በወሊድ ነው የሞተችው። እንደ አሁኑ ሐምሌ ነበር። መኪና የሚገባበትን መንገድ ጭቃ ውጦታል። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ሲያወጧት መንገድ ላይ አለፈች። ይህን የነገሩን በጣም ቀስ ብለው ነው። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። ማልቀስ አልነበረም፤ ዘፈንም አልነበረም። ብዙ አሉ። እኔ በሻማው ብርሃን የቻልኩትን ያህል ጻፍኩ። ሲጨርሱ ከማናችንም ቃል አልወጣም።

«የጣፍሽውን መልሽ ንገሪኝ እስቲ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው፦

በሩን አልዘጋሁት ትመጫለሽ ብዬ፣
ብርዱ ገባ እንጂ አልመጣሽም ልጅዬ።

ዝም አሉ። ሲኒያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ይኸ የኔ አይደለም።»

ደነገጥኩ። ምኑ ነው እማማ፣ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ትመጫለሽ አላልሁም። ትመጪ እንደሁ ነው ያልሁት።»

እውነታቸውን ነው። ያሉት «በሩን አልዘጋሁት፣ ትመጪ እንደሁ ብዬ» ነው። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ሰምቶት ጣቴ ቆጥሮታል። ሰባት ቀለም ሆነብኝ። ትመጫለሽ ሲሆን ስድስት ነው፤ ይሞላል፤ ያምራል። እየጻፍኩ ነው ያረምኩት። እንዳረምኩት እንኳ አላስተዋልኩም።

ስለ ቀለም ቆጠራው ልነግራቸው ጀመርኩ። ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ትመጫለሽ ያለ ሰው እኮ ይጠብቃል፣ ልጄ። እኔ ቀብሬያታለሁ። መቃብሯን በየእሑዱ አያታለሁ። እንደማትመጣማ አውቃለሁ። እንዲያው በሩን መዝጋት አቃተኝ እንጂ።»

ይህን አንድ ነገር ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። «እንደሁ» ትንሽ ቃል ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙም አትሰማም። ግን ልጇን የቀበረች እናት በሩን ክፍት ትታ የምትተኛበት ምክንያት በሙሉ እዚያች ቃል ውስጥ ነበር። ተስፋ አይደለም፤ ተስፋ መቁረጥም አይደለም። ሁለቱም ያልሆነውን ነገር በአንድ ቃል ብለውታል። እኔ ያንን አውጥቼ ውሸት አስገባሁ፤ እንዲያምር ብዬ። ሰባተኛው ቀለም ደግሞ ሲሉት አይሰማም ነበር። ድምፃቸው ውጦት ያልፋል። ወረቀቴ ላይ ብቻ ነው የበዛው።

«እንዳልሁሽ ጣፊው» አሉኝ። ሰርዤ ጻፍኩት። ነገ ለሰዎች ባነበውስ አልኳቸው። «አንብቢው። ብቻ እንዳልሁሽ።» ስማቸውን ደብተሬ ላይ እንድጽፍም ነገሩኝ፤ የአባታቸውን ስምና ቀበሌያቸውን ጭምር። እዚህ ያላወጣሁት ይህን የፈቀዱልኝ ለደብተሬ ስለሆነ ነው።

ያን ሌሊት ከዝናቡ ጋር ብዙ ነገር መጣብኝ። መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባሁ ጊዜ «ሄድሁ»፣ «ደረስሁልሽ»፣ «አንች» እያልኩ ነበር የማወራው። ዶርም ውስጥ ይስቁብኝ ነበር። በክፋት አልነበረም። ግን በአንድ ሴሚስተር ውስጥ «ሄድኩ» ማለት ለመድኩ። ይኸው ይህንንም ጽሑፍ የምጽፈው በ«ኩ» ነው፤ አሁን ያኛው ከእጄ አልወጣ ይለኛል። የሚገርመው በኋላ የድሮ መጻሕፍት ሳነብ «ሄድሁ»፣ «ወሰድሁ»፣ «ጻፍሁ» የሚለው እዚያው ተጽፎ አገኘሁት። ያፈርኩበት የእናቴ አነጋገር የመጽሐፍ ቋንቋ ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ቆጥሬ ከእሷ አፍ የወጣውን ሳስተካክል ነው የኖርኩት። ደብዳቤ ስታጽፈኝ እንኳ «እንዴት ከርመሃል፣ ዓይኔ እስኪጠፋ ናፈቅሁህ» ስትለኝ እኔ የምጽፈው «ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኛ ደህና ነን» ነበር። ወንድሜ ጋር የሄደው የእሷ ደብዳቤ አልነበረም። የእኔ ነው። ዓይኗ እስኪጠፋ መናፈቋን አላወቀም።

በመጨረሻው ቀን ሁላችንም የጻፍነውን አነበብን። የቡሬዋ ልጅ ከዚህ በፊት ያጠፋችውን አንድ ግጥም ከቃሏ አውጥታ አለችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። የቢቸናዋ እናት በዕድሜያቸው የመጀመሪያዋን ሦስተኛ መስመር ጽፈዋል። ሲያነቡ ሦስተኛዋ መስመር ላይ ቆም አሉ፤ ሁላችንንም አዩን። እኔ የራሴን አላነበብኩም። ልጃቸው የሞተችባቸውን የእማማን ሁለት መስመር አነበብኩ፣ እንዳሉኝ። ከዚያ የሰረዝኩትንም አነበብኩ። አዳራሹ ውስጥ ልዩነቱን ለማስረዳት ምንም መጨመር አላስፈለገኝም።

ሰኞ ሥራ ነበረብኝ። ለአለቃዬ ደውዬ አንድ ቀን ለመንኩና ወደ አዲስ አበባ በመመለስ ፈንታ ወደ ደምበጫ ሄድኩ። ከመንገዱ ወደ እናቴ ቤት የሚወስደውን ጭቃ ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት።

እናቴ ልጅ ሳለን ሌሊት ስትፈጭ ታንጎራጉር ነበር። ዶሮ ሳይጮህ ነው የምትነሳው። እኛ በዚያ ድምፅ ውስጥ ነው የተኛነው። ዜማው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ቃሉ ግን የለም። ደብተሬን አውጥቼ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። እማ፣ ያኔ ስትፈጪ የምትይውን ንገሪኝ አልኳት።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ልጽፈው።»

«አሁን ወፍጮ ቤት አለ እኮ። ማን ይፈጫል?» ትንሽ አሰበች። «ደሞ እንዲሁ ተቀምጠው አይመጣም። ከመጁ ጋር ነው የሚመጣው።»

ወፍጮው ቤቱ ጥግ አሁንም አለ። እሷ ጉልበቷን ስለሚያማት ማጎንበስ አትችልም። የተቆላ ገብስ አወጣችና ወፍጮው ላይ አፈሰሰችልኝ፤ ለበሶ። «እስቲ ግፊው» አለችኝ። ከሃያ ዓመት በላይ መጅ ይዤ አላውቅም። ወገቤ ወዲያው ተያዘ። እሷ ከጎኔ ዱካ ላይ ተቀመጠች። መጁ ወጥ ድምፅ እስኪያወጣ ድረስ ዝም ብላ ጠበቀች። ከዚያ ድሮ በምትለው ድምፅ፣ ቀጠን አድርጋ ጀመረችው፦

ወፍጮዬ ተናገር አንተ ነህ ምስክሬ፣
ሰው ሁሉ ተኝቶ ሲያድር ባገሬ።

ሌላም ቀጠለች። መጁን አቆምኩ። ወዲያው እሷም አቆመች።

«ጣፍሽው?»

ደብተሩ መደቡ ላይ ነው። እጄ እስከ ክርኔ ዱቄት ነው።

«አልጻፍኩም እማ።»

«እንግዲያ በይው።»

አልኩት። «ወፍጮዬ ተናገር አንተ ነህ ምስክሬ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሲያርፍ ባገሬ።»

«ሲያርፍ አላልሁም። ማን ያርፋል? ሲያድር ነው» አለችኝ። ወደ መጁ በአገጯ አሳየችኝ። «እንደገና።»

መጁን ገፋሁ።